ለነገ ጠዋት የሚፈለግ ዶላር

ጋላፊ ላይ ሦስት ገንዘቦች ይገናኛሉ። የኢትዮጵያ ብር እዚህ ያበቃል፣ የጅቡቲ ፍራንክ ከዚህ ይጀምራል፣ ዶላር ደግሞ ሁለቱንም ይለካቸዋል። (“ገላፊ” ብለው የሚጽፉም አሉ፤ ሹፌሮች ግን የትኛውንም አይጽፉም፣ ስሙ ሲነሳ ሰልፉና ሙቀቱ ትዝ ይላቸዋል።) ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዳማን፣ አዋሽን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎጊያና ሰመራን፣ ከዚያም ሰርዶንና ዲቾቶን አልፎ የሚመጣው መንገድ እዚህ ኬላ ላይ ይቆማል። ከኬላው ማዶ ዮቦኪና ዲክሂል አሉ፤ ቀጥሎ ወደቡ ነው።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ አጭር ነው። ሰው ብዙ የውጭ ገንዘብ በቶሎ ሲያስፈልገው ከየት ያገኛል? “ብዙ” የምለው ለጠያቂው ብዙ የሆነውን ነው፦ ለሹፌር 800 ዶላር፣ ለታማሚ ቤተሰብ 15,000፣ ለመንግሥት 33 ሚሊዮን። “በቶሎ” የምለው ደግሞ ባንኩ “ተመዝገብና ጠብቅ” ከሚለው ጊዜ ያጠረውን። ስለ ውጭ ምንዛሪ ሲጻፍ ዘወትር የሚቆጠረው መጠኑ ነው፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ያለው ክምችት የስንት ወር ሸቀጥ ያስገባል። ቀኑን የሚቆጥር ግን ብዙም አይታይም። እኔ ይህን መንገድ ባሰብኩ ቁጥር ዋጋውን የሚቆርጠው ከመጠኑ ይልቅ ቀኑ እንደሆነ ይበልጥ ይታየኛል።

ከትንሹ እንጀምር። አንድ ባለተሳቢ ዕቃ ለመጫን ባዶውን ወደ ወደብ ሲወርድ ዮቦኪ አካባቢ ተሰበረ እንበል። የጋላፊና የዲክሂል መንገድ ለብዙ ዓመታት በጉድጓዱ የታወቀ ስለነበር ነገሩ እንግዳ አይደለም። የመካኒክና የመለዋወጫ ተብሎ 150,000 ፍራንክ ተጠየቀ። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ በዶላር ግን 844 ነው። ይህን ለማስላት የዕለቱን ተመን መጠየቅ አያስፈልግም። የጅቡቲ ፍራንክ በ1941 ዓ.ም. ሲወለድ ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ገንዘብ ነው። ከ1965 ወዲህ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። በ1969 ፈረንሳይ ሄዳ ነፃነት መጣ፣ ቁጥሩ ግን ከነሦስት ነጥቡ እዚያው ቀረ። የሚገርመው የእኛም ብር በዚያው በ1965 ዶላርን በ2.07 ሒሳብ ይዞ መቆሙ ነው። የእኛው እስከ 1985 መስከረም ድረስ ጸና፣ ያን ዕለት 5 ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። በአንድ ዓመት ከአንድ መነሻ የተነሱ ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንዱ ከቆመበት አልተነቃነቀም፣ ሌላው ከመቶ አልፎ ሄዷል። ጋላፊ ላይ ያለው ሹፌር የሚኖረው በሁለቱ መካከል ነው።

የተጠየቀው ፍራንክ ኪሱ ውስጥ የለም። ብር ቢይዝም ሕጉ ገደብ አለው። 2015 ዓ.ም. በጠባበት ሰሞን ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ፣ ከአገር የሚወጣም ሆነ የሚገባ ሰው 3,000 ብር ብቻ እንዲይዝ ሲፈቀድ፣ ወደ ጅቡቲ ለሚመላለሰው ግን 10,000 ብር ተባለ። ይህችን ልዩነት እወዳታለሁ፤ መመሪያው በተጻፈበት ክፍል ውስጥ ጋላፊን የሚያውቅ አንድ ሰው ተቀምጦ እንደነበር ትነግረኛለች። ሆኖም ቁጥሩ የተጻፈው በብር ነው። በዚያን ሰሞን ይፋዊ ምንዛሪ 10,000 ብር 190 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር፣ ማለትም ከ33,000 ፍራንክ በላይ። ዶላር መቶ ብር በገባ ጊዜ ያው 10,000 ብር 18,000 ፍራንክ እንኳ አይሞላም። ፍቃዱ ላይ አንድ ፊደል ባይነካ እንኳ ግማሽ ያህሉ ቀለጠ ማለት ነው።

ስለዚህ ስልክ ይደወላል። ሹፌሩ አዳማ ላሉት ባለንብረት ይደውላል፤ ባለንብረቱ ደግሞ ሎጊያ ወይም አዲስ አበባ ለሚያውቁት ሰው። ብሩ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ በደቂቃ ይተላለፋል፣ እዚህ ላይ ሞባይል ነገሩን እጅግ አቅልሎታል። ብሩ የደረሰው ሰው ጅቡቲ ላለ አጋሩ “ስጠው” ይላል፣ አጋሩ ፍራንኩን ይቆጥራል። ከአዳማ እስከ ዮቦኪ አንዲት ሳንቲም አልተጓዘችም። ብሩ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀረ፣ ፍራንኩም ድሮውንም ጅቡቲ ውስጥ ነበረ፣ ድንበር የተሻገረው ቃል ብቻ ነው። የሁለቱ አጋሮች ሒሳብ ደግሞ ውሎ አድሮ በዕቃ ይወራረዳል፤ ወደዚያ ፍየልና ጫት፣ ወደዚህ ሩዝና ጨርቅ። ሐዋላ የሚባለው ይኸው ነው፣ በብሔራዊ ባንክ ቋንቋ “ሕገወጥ”፣ በመንገዱ ቋንቋ “የታመነ ሰው”።

አፋር ከዚህ ሁሉ በፊት ዳጉ ነበረው። ሁለት ሰዎች በረሃ ላይ ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ይለዋወጣሉ፤ የሐሰት ወሬ ያቀበለ በጎሳው ፊት ይጠየቃል። ሐዋላ የአፋር ፈጠራ ነው ማለቴ አይደለም፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳር እስከ ቀይ ባሕር ድረስ ነጋዴ ሲሠራበት የኖረ ነው። ነገር ግን ቃል ከዕቃ ቀድሞ በሚደርስበት፣ ቃሉን ያጠፋ ሰው ደግሞ መድረሻ በሚያጣበት አገር ላይ ሐዋላ ሲተከል ሥር ለመስደድ ብዙ አልተቸገረም።

መንዛሪው ታዲያ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ስንት?” ብሎ አይደለም። “ለመቼ?” ነው የሚለው። ለሳምንት የሆነ ሰው ይከራከራል፣ ሌላ ቦታ ይጠይቃል፣ ተመኑ እስኪወርድ ይጠብቃል። ለዛሬ ማታ የሆነው የተባለውን ይከፍላል። ቸኳዩ ከሌላው የሚበልጠውን ብር የሚከፍለው ለዶላሩ አይደለም፤ ለሰዓቱ ነው። ይህ የሰዓት ዋጋ በየትኛውም የባንክ ሰሌዳ ላይ አይወጣም።

ይህ ጣጣ የመንገዱ ተፈጥሮ አልነበረም። ዲቾቶ ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል። አንዱ ወደ ጋላፊ ይታጠፋል፣ ሌላው በማንዳና በቡሬ በኩል ወደ አሰብ ይወርዳል። የድሮ ሹፌሮች ስለ አሰብ ሲያወሩ ስለ ባሕሩ ብዙም አይናገሩም፤ የሚናገሩት በብር ስለማደራቸው ነው። እስከ 1990 ድረስ አሰብ ላይ ሻይም፣ አልጋም፣ ጎማም በብር ይገዛ ነበር። ኤርትራ ከተለየች በኋላም ቢሆን። በ1990 ጥቅምት መጨረሻ የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ ወጣ። ኢትዮጵያ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ የድንበር ንግድ በባንክ የክፍያ ዋስትና (በኤልሲ)፣ በጠንካራ ምንዛሪ ይሁን አለች። በዚያው ዓመት ግንቦት ጦርነቱ ተነሳና የአሰብ መንገድ ተዘጋ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የአገሪቱ ከባድ መኪና ሁሉ ከዲቾቶ ወደ ጋላፊ ዞረ። ስለዚያ ዓመት ሲጻፍ ወደብ ማጣታችን ይነሳል፣ ይገባልም። ከወደቡ ጋር ግን ሌላም ነገር ጠፋ። ትናንት በብር ሲነዳ የነበረ ሹፌርና ረዳት ዛሬ የውጭ ገንዘብ ፈላጊ ሆነው አደሩ። እስከዚያ ድረስ ዶላር የአስመጪ ጉዳይ ነበር፣ ከ1990 በኋላ የረዳትም ጉዳይ ሆነ።

ወደ ኋላ ገፋ ካልን ደግሞ ይኸው ምድር ራሱ ገንዘብ ያወጣ ነበር። ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ የሚቆረጠው አሞሌ ጨው በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ ወጥቶ ለዘመናት የገበያ ዝርዝር ገንዘብ ሆኖ ኖሯል። ትልቁ ገንዘብ ግን የውጭ ነበር። ማሪያ ቴሬዛ፣ ጠገራ ብር፣ 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት ተጽፎበት ቬየና የሚመታ፣ 28 ግራም የሚመዝን ብር። ዛሬ ብሔራዊ ገንዘባችንን የምንጠራበት ቃል ራሱ የዚያ የውጭ ሳንቲም ማዕድን ስም መሆኑን ልብ ይሏል።

ጠገራ ብርም በቶሎ ሲፈለግ ያው ነበር። እንግሊዞች በ1860 ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ሲዘጋጁ መጀመሪያ ያጋጠማቸው ችግር የዳገቱ አልነበረም። በዙላ በኩል ወርዶ መቅደላ እስኪደርስ ድረስ ሠራዊቱ ገብስ፣ በግ፣ አጋሰስና መንገድ መሪ ይፈልጋል፣ ባላገሩ ደግሞ የእንግሊዝን ፓውንድ አያውቀውም። የዓለም ትልቁ ግዛት ሀብት በሙሉ እዚህ አንዲት ዶሮ አይገዛም። ስለዚህ በጥድፊያ ቬየና ድረስ ተልኮ በሚሊዮን የሚቆጠር ማሪያ ቴሬዛ ተገዛና ተመታ። ጀኔራል ናፒየር ዝሆን ከሕንድ አመጣ እየተባለ ይተረካል። ዝሆኖቹ 44 ነበሩ፣ ወሬው ግን ብሩን ይጋርደዋል፤ መንገዱን የከፈተለት ብሩ ነው።

ጣሊያንም በ1928 ሊወርረን ሲነሳ ያንኑ አደረገ። ከኦስትሪያ የሳንቲሙን ማተሚያ ተቀብሎ ሮም ላይ ያስመታ ጀመር። እንግሊዝም በተራዋ ለንደን ላይ፣ ኋላም ንጉሠ ነገሥቱን ለመመለስ በተደረገው ዘመቻ ሰሞን ቦምቤ ላይ አስመታች። አንድ የሞተች ንግሥት መልክ ያለበትን ሳንቲም ለማግኘት መንግሥታት የተሻሙበት ምክንያት ባላገሩ መራጭ ስለነበር ነው። በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ፍሬዎች እየቆጠረ ይቀበላል፣ የደበዘዘውን ይመልሳል። ዛሬ የመቶ ዶላር ኖት ወደ ብርሃን አንስቶ ሰማያዊ መስመሩን የሚያይ፣ የታጠፈውን የሚገፋ፣ “ትንሽ ጭንቅላት” የሚሉትን የድሮ ኖት በቅናሽ ካልሆነ አልይዝም የሚል መንዛሪ የዚያ ባላገር የልጅ ልጅ ነው። ለቸኮለ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም፤ እጁ ላይ ያለው ዶላር እንኳ ዶላር ሳይሆን የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ከሁሉም የምወደው ግን የራምቦ ጉዳይ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ሆኖ በ1879 ጥቅምት ከታጁራ ተነሳ። 2,000 ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ የአፋርን ምድርና አዋሽን አቋርጦ ከወራት በኋላ አንኮበር ደረሰ። እንጦጦ የሚቀመጡት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ገና ሐረርን መያዛቸው ነበር። ጠመንጃውን በራሳቸው ዋጋ ቆርጠው ወሰዱ፤ ከሞተው የራምቦ ሸሪክ ይፈለግ የነበረውንም ዕዳ ቀነሱ። ለቀረው ጥሬ ብር አልከፈሉትም፣ የሐረር ገዥ ለነበሩት ለመኮንን የክፍያ ትእዛዝ ጻፉለት። መኮንንም በተራቸው በከፊል ብር፣ በከፊል ምጽዋ ላይ የሚከፈል ሰነድ ሰጡት። ራምቦ ይህን ሁሉ እንደ ዘረፋ ቆጥሮ በደብዳቤዎቹ አማሯል። ታሪክ ጸሐፊዎችም ብዙ ጊዜ ከእሱ ጋር ሆነው ያዝኑለታል። እኔ የማየው ሌላ ነው። የሚሸጥ ያለው፣ ጊዜ የሌለው፣ ገንዘቡን ይዞ ወደ ባሕር መውረድ የቸኮለ ሰው፤ በሌላ በኩል ደግሞ መቸኮል የማያስፈልጋቸው ንጉሥ። ብሩ አልተንቀሳቀሰም፣ ከእንጦጦ ሐረር፣ ከሐረር ምጽዋ ቃል ተንቀሳቀሰ። ሎጊያ ላይ የሚሠራበት ሐዋላ ከዚህ የሚለየው በወረቀት ፈንታ ስልክ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ባንክ እንምጣ፣ ምክንያቱም ሕጋዊው መንገድ እሱ ነው። ለረጅም ዓመታት ኢትዮጵያ ውስጥ ለጉዞ ዶላር ለመግዛት ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት መያዝ፣ ለሕክምና የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ማቅረብ፣ ለትምህርት የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ማምጣት ግድ ነበር። አስመጪው ደግሞ ወረፋ ተመዝግቦ ወራት ይጠብቅ ነበር። ወረቀቱ ሁሉ ቢሟላ እንኳ የመጨረሻው መልስ “የለም” ሊሆን ይችል ነበር። በመዝገብ ላይ የነበረው ዋጋ ርካሽ ነበር፣ በዚያ ዋጋ ዶላሩ ግን አልነበረም። ከዚህ የተነሳ ጥቁር ገበያ ላይ ያለው ዋጋ የባንኩን እጥፍ እስከ መሆን ደርሶ ነበር።

ሐምሌ 22፣ 2016 ሰኞ ጠዋት ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀ። የዓለም የገንዘብ ድርጅት በዚያው ዕለት 3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ብድር አጸደቀ። ዶላር ከ57 ብር ገደማ በአንድ ቀን ወደ 74 ብር ገደማ ዘለለ፣ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ነሐሴ 1 ቀን ብሔራዊ ባንክ 175 ሚሊዮን ዶላር ለ27 ባንኮች በጨረታ ሸጠ፤ አማካይ ዋጋው 107.9 ብር ነበር። በ2017 መጀመሪያ ከባንክ ውጭ ለሆኑ አምስት የምንዛሪ ቢሮዎች ፈቃድ ተሰጠ። በ2017 ግንቦት ደግሞ ለግል ጉዞ የሚፈቀደው ከ5,000 ወደ 10,000 ዶላር፣ ለንግድ ጉዞ ከ10,000 ወደ 15,000 ዶላር ከፍ አለ።

እነዚህ ትልልቅ ለውጦች ናቸው፣ የናቅኩ እንዳይመስልብኝ። ለሁለት ሳምንት ጊዜ ላለው፣ ቲኬት ለቆረጠ፣ አዲስ አበባ ላይ ለተቀመጠ ሰው ሁኔታው ከ2015 ጋር አይወዳደርም። ጥያቄዬ ግን ሌላ ነበር። ለውጡ ዋጋውን ወደ እውነቱ አቀረበው፣ ቀኑን ያን ያህል አላሳጠረውም። መመሪያዎቹን ደጋግሜ ሳነብ የማገኘው “እስከ ስንት” የሚል ቃል ነው። “በስንት ሰዓት ውስጥ” የሚል አላየሁም። ጋላፊ ላይ ያለ ሹፌር ደግሞ ቪዛና ቲኬት ያለው መንገደኛ አይደለም፤ በወር ደጋግሞ ድንበር የሚሻገር ሠራተኛ ነው። የምንዛሪ ደንባችን በዋናነት የሚያስበው በቦሌ የሚወጣውን ሰው ነው።

አንዲት በሽተኛን አስቡ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሕንድ ወይም ቱርክ ላይ እንዲደረግ ተወሰነ፣ ሆስፒታሉ ከመግባቷ በፊት ቅድሚያ ክፍያ ይላል። ቤት ይሸጣል፣ ዕቁብ በልመና ይቀደማል፣ ዕድርተኛ ያዋጣል፣ ዳላስና ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ይደወልለታል። ዘመዱ ዶላሩን በቀጥታ ሆስፒታሉ ሒሳብ ላይ ያስገባል፣ ቤተሰቡ ደግሞ እዚህ ለዘመዱ እናት ወይም ለጀመረው ግንብ ብሩን ይሰጣል። ይህም ሐዋላ ነው፣ በዘመድ የተደረገ። የብዙ ሰው ሕይወት የተረፈው በዚህ መንገድ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ እናቱ እንዲህ የታከመችለት የባንክ ሠራተኛም ያውቃል። ዘመድ ከሌለ ግን የቸኮለውን ሰው የሚጠብቁት ብዙ ናቸው። ጥቁር ወረቀት በኬሚካል ታጥቦ ዶላር ይሆናል የሚለው አሮጌ ማጭበርበር ዛሬም የሚያዘው ሰው አላጣም። ሐሰተኛ ኖት አለ። ብር አስገብቶ ስልኩን የሚያጠፋ አለ። ከማያውቁት ሰው ሒሳብ የገባ ብር የወንጀል ገንዘብ ሆኖ ተገኝቶ የራስን ሒሳብ የሚያሳግድበት ጊዜም አለ። ማታ ማታ ኬላ ላይ ተይዞ የሚወረሰውን ደግሞ የጉምሩክ ኮሚሽን በየሳምንቱ በሚያወጣው ዝርዝር ከልባሽ ጨርቅና ከሲጋራ ጎን “የውጭ አገር ገንዘቦች” ብሎ ይጠራዋል። አዋሽና ሚሌ ከዚያ ዝርዝር ብዙም አይጠፉም።

ስለዚህ መንገድ ጽፎ አንዱን ነገር መዝለል አይቻልም። ጋላፊን የሚሻገረው ከባድ መኪና ብቻ አይደለም። ከወሎ፣ ከራያ፣ ከትግራይ የወጡ ወጣቶች በአፋር በረሃ አልፈው ወደ ኦቦክ ይወርዳሉ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን። በ2016 መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ አጋማሽ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ጀልባዎች ጅቡቲ ዳርቻ ሰጥመው በርካታ ኢትዮጵያውያን አልቀዋል። ለተሻገሩት ደግሞ ማጎሪያ አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2006 ግንቦት ባወጣው ዘገባ የመን ውስጥ ሐራድ አካባቢ ስደተኞች እየተገረፉ ቤተሰባቸው ቤዛ እንዲከፍል የሚደረግባቸውን ግቢዎች ገልጿል። ስልኩ ሌሊት ይደወላል፣ የልጁ ድምፅ ይሰማል፣ ቀን ይቆረጣል። ገንዘቡ በሪያል ወይም በዶላር ይጠራል፣ ገበሬው አባት ግን የሚከፍለው በሬ ሸጦ በብር ነው፤ ቅርብ ከተማ ባለ ባንክ፣ በማያውቀው ሰው ስም።

ሹፌሩን ያሻገረው መሣሪያና ልጁን ያሰረው መሣሪያ አንድ ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ሐዋላን የድሃ ባንክ እያሉ የሚያሞግሱት ይህን ግማሹን ይተዋሉ፤ ሐዋላን ወንጀል ብቻ የሚሉት ደግሞ ዮቦኪ ላይ የቆመውን መኪና ይረሳሉ። ለእኔ ልዩነቱ ችኮላውን የፈጠረው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። አጋቹ የሚሸጠው ገንዘብ የለውም፤ የሚያመርተው ችኮላ ነው። ቀነ ገደቡ ባይኖር አባትየው ሽማግሌ ይልካል፣ ፖሊስ ዘንድ ይሄዳል፣ ያጣራል። አጋቹ መጀመሪያ የሚወስድበት ጊዜውን ነው፣ ከዚያ በሬው በራሱ ይመጣል።

መንግሥትም ሲቸኩል እንደ ሰው ነው። በ2010 ሰኔ፣ የአገሪቱ ክምችት ተመናምኖ በነበረበት ጊዜ፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች አልጋ ወራሽ አዲስ አበባ መጡና 3 ቢሊዮን ዶላር ቃል ገቡ። ከዚህ ውስጥ 1 ቢሊዮኑ ብሔራዊ ባንክ ውስጥ የሚቀመጥ ነበር። ይህ የሀብታም ዘመድ ነገር ነው፣ ዳላስ እንደተደወለው። በ2007 ደግሞ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ 1 ቢሊዮን ዶላር በዩሮቦንድ ተበድራ ነበር፣ በ6.625 በመቶ ወለድ። በ2016 ታኅሣሥ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ቀኑ ደረሰ፣ አልተከፈለም። መንግሥት አበዳሪዎችን ሁሉ እኩል ለማየት ነው እንጂ ስላጣሁ አይደለም አለ፤ ይሁን። ዓለም ግን መዝገቡ ላይ የጻፈው ቀኑ ማለፉን ነው። ከሰባት ወር በኋላ 3.4 ቢሊዮኑ ሲመጣ አብሮ የመጣው ለዓመታት ሲንከባለል የቆየው ውሳኔ ነበር፤ ብር ይለቀቅ። አበዳሪው “ስንት?” ብሎ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ግን የጠቀመው “ለመቼ?” የሚለውን መልስ ማወቁ ነው።

ከጋላፊ ማዶ ሁኔታው ሌላ ነው። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ገንዘብ መመንዘር ጎዳና ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሕግ ፊት የሚሠራ ሥራ ነው። ሰሪፍሌ የሚባሉ ሴቶች ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በገበያው ዳር ይቀመጣሉ፤ ዶላር፣ ዩሮ፣ ፍራንክ፣ ብርም ጭምር። ፍራንኩ ከዶላር ጋር ታስሮ የሚኖር ስለሆነ የሚደበቅ ዋጋ የለም፤ ትርፋቸው ከጥቂት ፍራንክ ልዩነት ነው። የብሩን ዋጋ ግን ከአዲስ አበባ ስልክ እየሰሙ በየቀኑ ያስተካክላሉ። ሹፌሮቻችን ፒኬ 12 በሚባለው ቦታ መኪና አቁመው ወደ ከተማ ሲገቡ በመጀመሪያ የሚጠይቁት እነሱን ነው።

ከተማው ውስጥ ዛሬም በሰው አፍ ምኒልክ አደባባይና ራምቦ አደባባይ የሚባሉ ሁለት ቦታዎች አሉ። መንግሥት ለሁለቱም ሌላ ስም ሰጥቷቸዋል፣ አንዱን በነፃነት ቀን፣ አንዱን በነፃነት ታጋዩ በማሕሙድ ሐርቢ። የድሮዎቹ ስሞች ግን አልለቀቁም። ባለዕዳውና ባለገንዘቡ በአንድ ከተማ ውስጥ እየተያዩ ቆመዋል፣ ሴቶቹም በሁለቱም ዘንድ ብር ይቆጥራሉ። ዮቦኪ ላይ የቀረው ሹፌር አንዷ ዘንድ ሰው ልኮ 150,000 ፍራንኩን አስቆጥሯል። አዳማ ያሉት ባለንብረት ብሩን ያስገቡት ከሁለት ሰዓት በፊት ነው። መካኒኩ ዲፈረንሻሉን መፍታት ጀምሯል፣ ረዳቱ ጥላ ሥር ተኝቷል።